የአባ መከታ ለቅሶ

ያልተወለደ ሰው ለቅሶ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ደርሻለሁ። ንፍሮውንም በልቻለሁ። ጨው አንሶት ነበር።

ይሄ ደግሞ ምን ይቀባጥራል እንዳትሉኝ። እዚሁ ደባርቅ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጥሩንባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ የተቀመጠበት ለቅሶ ነው። ሟቹ ግን አልተወለደም። ኋላ እንደተረዳነው ደግሞ አልሞተምም። ቆይ፣ ግራ አጋባኋችሁ። ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። መጀመሪያው የቱ ጋ እንደሆነ ማወቅ ራሱ ምን ያህል ጣጣ እንዳለው የተማርኩትም በዚሁ ለቅሶ ነው።

ታደለ እባላለሁ። ድሮ የቱሪስት ኩክ ነበርኩ። ኩክ ማለት ያው ወጥ ሠሪ ነው፤ ተራራ ላይ ሲወጣ ነው ኩክ የሚባለው። በሰሜን ተራሮች ሰፈሮች፣ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ በበቅሎ የተጫነ ምድጃዬን እየተከተልኩ የስንቱን አገር ሰው አብልቻለሁ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃው ይፈላል እንጂ ድንች አያበስልም። ድንቹ ሲጠነክር ታዲያ የሚወቀሰው ተራራው አይደለም፤ ኩኩ ነው። አሁን ቱሪስቱ እንደ ድሮው አይመጣም። እኔም ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ቁርስ ቤት ከፍቻለሁ። ፉል፣ እንቁላል፣ ሻይ። በጾም ቀን ፉል ያለ ቅቤ። ይኸው ነው ሥራዬ።

መጽሐፉን የሰጠኝ ከመጨረሻዎቹ እንግዶቼ አንዱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ልጅ እግር ነገር። ዳገቱ ሲበረታበት ሻንጣውን ማቅለል ጀመረ። ለበቅሎ ጫኛችን ወፍራም ካልሲ ሰጠው። ጠመንጃቸውን አንግተው ለሚጠብቁን ስካውት፣ ለባሻ ሞላ፣ የእጅ ባትሪ ሰጣቸው። ለእኔ መጽሐፍ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ካልሲው ይሻለኝ ነበር።

የሥዕል መጽሐፍ ነው። የጃፓኖች ነው፤ ማንጋ ይሉታል። ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ። ጀርባው ላይ አሥራ ዘጠኝ የሚል ቁጥር አለው። የቀሩት አሥራ ስምንቱ የት አሉ ብዬ ስጠይቀው፣ አገሬ ናቸው አለኝ። ሃያኛውስ ስለው፣ ገና አልወጣም አለኝ። እንግዲህ አስቡት። ሰዎቹ ተዋውቀው፣ ተፋቅረው፣ ተካክደው፣ ተማምለው ካበቁ በኋላ እኛ ልክ ዱላ ሲነሣ ደረስን። ሠርግ ቤት ድብድቡ ሲጀመር እንደመግባት ነው። ማን የማን ወገን እንደሆነ አታውቅም፤ ብቻ አንገትህን ዝቅ ታደርጋለህ።

ስሙን «የጨው ተራራ ዘቦች» ብዬ ተረጎምኩት። የእኔ እንግሊዝኛ የወጥ ቤት እንግሊዝኛ ነው። ሆት ዋተር፣ ሱፕ፣ ኖ ስፓይሲ። ደግነቱ መጽሐፉ ውስጥ ብዙ ወሬ የለም። ከሽፋን እስከ ሽፋን ውጊያ ነው። የሚናገር ካለም ይጮኻል። ጩኸት ደግሞ ምን ትርጉም ይፈልጋል?

መጀመሪያ ስገልጠው አንድ ትልቅ መዳፍ ተሥሎ «ስቶፕ» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ስቶፕን ከፓርኩ በር ላይ አውቀዋለሁ፤ ትኬት ያልቆረጠ አይለፍ ማለት ነው። ይሄ መጽሐፍ በስጦታ የመጣ ስለሆነ እኛን አይመለከትም ብዬ ገጹን ገልጬ አለፍኩ። ይህቺን ገጽ ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

መጽሐፉን ቁርስ ቤት ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ሕጉ አንድ ነው፤ ሳህን ሲነሣ መጽሐፉም ይነሣል። የበላ ያነባል፣ ያልበላ አያነብም። እናንተ ሳቁ እንጂ ከዚያ ወዲህ ገበያዬ ደርቷል። በአንድ ፉል አንድ ድብድብ።

ያንን መጽሐፍ ሰዉ እንዴት እንዳነበበው ብነግራችሁ አታምኑኝም።

በመጀመሪያ ባሻ ሞላን ላስተዋውቃችሁ። ድሮ ወታደር ነበሩ፣ ከዚያ የፓርክ ስካውት ሆነው ጡረታ እስኪወጡ በዚያ ተራራ ላይ አብረን ተንከራተናል። ብርድ አይበርዳቸውም፤ ቢበርዳቸውም አይናገሩም። ታናሽ ወንድማቸው ፈንታሁን፣ እንደ ልጅ ያሳደጉት ነው፣ በዚያ ክፉ ጊዜ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ መርዶው ሲነገራቸው እንኳ ዓይናቸው አልረጠበም። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሊያጽናናቸው የመጣውን ሰው ሲያጽናኑ ሰነበቱ። ጠንካራ ሰው ናቸው ተባለ። እኔም ብዬ ነበር።

ባሻ መጽሐፉን የሚያነቡት እንደ ግምገማ ነው። አንድ ጎራዴ የያዘች ልጅ አለች፤ ከመምታቷ በፊት የምትመታበትን ስልት ስም አፏን ከፍታ ትጮኻለች። ባሻ ሻያቸውን አስቀመጡ። «ልመታህ ነው ብሎ የሚመታ ሰው የት አገር ነው ያለው?» አሉ። ባሻ፣ ፉከራ ይሆናላ አልኳቸው። «ፉከራ ከውጊያ በፊት ነው፣ ወይ ከውጊያ በኋላ። እየተዋጋ የሚፎክር ሰው ትንፋሽ ከየት ያመጣል?» አሉኝ። እኔ ዳገት እየወጣሁ ስሜን ብጠየቅ አልመልስም።

ቀጥሎ ዘሃራ አለች። ከቁርስ ቤቴ ግድግዳ የምትጋራ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። መጽሐፉን በእጇ ነክታው አታውቅም። ደንበኞቼ በፉል እጃቸው ስለሚገልጡት ገጹ ዘይት ጠጥቷል፤ እሷ ደግሞ ያንን እጅ ይዛ ነጭ ሻሽ ልታነሣ አትችልም። ስለዚህ ከወዲያ ማዶ ቆማ፣ ሰው ሲያነብ አሻግራ ታያለች። የምታየውም ጨርቁን ነው። ጀግኖቹ ሁሉ ካባ ለብሰዋል። እሳት ይነዳል፣ ገደል ይናዳል፣ ቀንዳም ጭራቅ ይቦጭቃል፤ ካባው ግን ጫፉ አይተለተልም። «ታደለ፣ ይሄ ጨርቅ የየት ነው? እንዲህ ያለ ጨርቅ ካለ እኔ ምን ልሸጥ ነው?» ትለኛለች። ንግዷ የሚዘጋ መስሏት ከልቧ ነው የምትናደደው።

የእኔ ቅሬታ ግልጽ ነው። ማንም አይበላም! ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ያ ሁሉ ፈረስ፣ አንድ ድስት አልተጣደም። ስንቅ የሚጭን በቅሎ የለም። የውጊያው ቦታ ደግሞ ልክ ሊማሊሞን ነው የሚመስለው፤ ገደል ለገደል የተጠማዘዘ መንገድ፣ ታች ጉም፣ ላይ ብርድ። በዚያ ብርድ ባዶ ሆድ? ሠዓሊው ሊማሊሞን በእግሩ ወጥቶ አያውቅም።

መሪጌታ ላቀ ግን የሁላችንንም አስናቁት። የኔታ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ ሥዕል የሚያዩበት የራሳቸው ዓይን አላቸው። በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰው ግን በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ይህንን ይዘው፣ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ዓይን መቁጠር ጀመሩ። ጭራቆቹ ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው ፊት ለፊት ይመጣሉ። ጀግኖቹ ሲሮጡ የሚውሉ ስለሆነ አብዛኞቹ በጎን ናቸው። የኔታ አሰቡ፣ አሰቡና ፈረዱ። ጻድቃኑ ቀንዳሞቹ ናቸው አሉ። የኔታ፣ ቀንዱስ ብንላቸው፣ «ቀንድ ምን ነውር አለው? ዋልያስ ቀንድ የለውም?» አሉን።

የሰዎቹን ስም ስለማናውቀው እኛው አወጣንላቸው። አንድ ሽበታም አዛውንት አለ፤ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ረጅም ጦር የያዘ፣ ብቻውን ድልድይ ላይ የሚቆም። መጽሐፉ ሲጀመር ተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ በሁለት ዓይኑ ትክ ብሎ ያየናል። ያን ጢም ይዞ ያለ ፈረስ ስም መኖር የለበትም ያሉት ባሻ ናቸው። አባ መከታ አሉት። ከዚያ ቀን ወዲያ በቁርስ ቤቴ አባ መከታ እንደ ሰው ሆነ። አባ መከታ ዛሬ እንዴት አደሩ ብሎ የሚገባ ደንበኛ አለኝ።

አንዳንድ ነገሩ ግን ግር ይል ነበር። አባ መከታ መጀመሪያ ላይ በጠባሳ ተሸፍኗል፤ በተዋጋ ቁጥር ቁስሉ እያነሰ ይሄዳል። ባሻ፣ የድሮ ወታደር እንዲህ ነው፣ ሲቀመጥ ነው የሚያመው አሉ። የነደደው መንደር ገጽ በገለጥን ቁጥር ጣራ ያወጣል። ሰው የተጠየቀውን ከመጠየቁ በፊት ይመልሳል። ይሄ አልገረመንም፤ ስብሰባ ተቀምጠን እናውቃለን። በዚያ ላይ ውጊያ ነው። ውጊያ ደግሞ ከየትም ብታየው መጀመሪያና መጨረሻው አይለይም። ይህን እኛ ከመጽሐፍ አልተማርነውም።

ወደ መጨረሻው ስንቃረብ ባሻ ለብቻዬ ልጨርሰው አሉኝ። ለሌላ ሰው አልሰጥም ነበር። ለባሻ ግን ምን እላለሁ? በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ድስት ሳልከፍት ጥሩንባ ሰማሁ።

ማን ነው ስል፣ ባሻ ሞላ ቤት ነው አሉኝ። ፉሉን ከእሳት አውርጄ ሮጥኩ። ስደርስ ግቢው ሞልቷል። የባሻ ባለቤት እትዬ የሻረግ መቀነታቸውን አጥብቀው ደረታቸውን ይደቃሉ። ባሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ያለቅሳሉ! እኒያ ባሻ ሞላ፣ ጢማቸው ረጥቦ፣ አፍንጫቸው ቀልቶ፣ እንደ ሰው ያለቅሳሉ። ደንግጬ አጠገቤ ያለውን ሰው ማን ሞተ አልኩት።

«አባ መከታ የሚባል የድሮ ጓዳቸው ነው አሉ» አለኝ።

አፌን በእጄ ያዝኩ። ድንጋጤ ነው ወይስ ሳቅ እስካሁን አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ጠዋት ባሻ መጽሐፉን ጨርሰው ወጥተው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። እትዬ የሻረግ ምን ሆንክ ቢሏቸው፣ «አባ መከታ ሞተ» አሉ። በቃ። እትዬ የሻረግ እሪ አሉ። ደባርቅ ውስጥ እሪታ አንዴ ከወጣ በኋላ ተመልሶ አይገባም። ጎረቤት ይመጣል፣ ጎረቤት እድር ይጠራል፣ እድር ድንኳን ያመጣል። ቆዩ፣ ሰውዬው እኮ ሥዕል ነው ለማለት ባሻ አፋቸውን ሲከፍቱ ካስማው ተመትቶ አልቋል።

ለምን አላስቆሟቸውም ትሉ ይሆናል። እናንተ የእኛን ከተማ አታውቋትም። አንድ ሰው ነበር፤ ስሙን አላነሣም፣ ማንሣትም አያስፈልግም፣ እሱም ረስቶታል። በጉም ውስጥ ሲሄድ ፀጉራም ካፖርት የለበሰ ቱሪስት አየና ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። ቱሪስቱ ጭላዳ ዝንጀሮ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው «ሰላምታ» ነው። ሚስቱ የሰላምታ ሚስት ናት። ልጁን ለጋብቻ ሊጠይቅ ሽማግሌ ሲመጣ፣ የሰላምታ ቤት የትኛው ነው ብሎ ነው የጠየቀው። እንግዲህ ለጭላዳ ሰላም ያለው ይህ ከደረሰበት፣ ለሥዕል ያለቀሰ ወታደር ምን ይባል ይሆን? ባሻ ዕድሜ ልካቸውን ያቆዩት ስም በአንድ ጠዋት ሊሄድ ነው። እሳቸውም አውቀውታል። ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይናቸው ላይ ያየሁትን ልመና በዚያ ሁሉ ገደል ላይ አብረን ስንሄድ አይቼው አላውቅም። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

የእድሩ ዳኛ መጡ። ሥርዓት ነውና መጠየቅ አለባቸው። ሟች ለባሻ ምናቸው ነው አሉ። ባሻ፣ «ጓዴ ነው» አሉ። የት አገር ሰው ነው? «ከተራራው ማዶ።» የት ሞተ? «ድልድይ ላይ።» እንዴት ሆኖ? «ብቻውን ይዞ... ሰው ሁሉ እስኪሻገር ብቻውን ይዞ...» አሉና ጨርቃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ልብ በሉልኝ፣ አንዲት ውሸት የለችበትም! ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ ጀግና!» አሉ። ዙሪያው ሁሉ፣ አይ ጀግና አለ።

አልቃሿ ደግሞ ወሬ ሳትይዝ አታለቅስም። ጠጋ ብላ፣ አስከሬኑ እንዴት ሆኖ ተገኘ ብላ ባሻን ጠየቀቻቸው። በረዶ ወርዶበት ነበር አሏት። ከዚያ ብድግ ብላ፣

«አባ መከታዬ ድልድዩ ላይ ያለው፣
በረዶ ለበሰ ነጠላ መስሎት ነው»

ስትል ድንኳኑ ተነቃነቀ። እኔ ያንን ድልድይ አውቀዋለሁ አይደል፣ እኔም አለቀስኩ። ይሳቅብኝ።

መሪጌታ ላቀ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ሰው ተነሥቶ አስቀመጣቸው። ጸሎት ሊያደርሱ ተዘጋጁና እንደ ወጉ፣ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉ። እንጃ፣ የምናውቀው አባ መከታ መባሉን ነው አላቸው አንዱ። የኔታ «አባ...» ብለው ቆሙ። ባሻን አዩ። እኔን አዩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። መነጽር ለመጥረግ ያን ያህል ጊዜ የወሰደ ሰው አላውቅም።

«ስሙን የሚያውቀው ያውቀዋል» አሉ በመጨረሻ። «ይልቅስ በየቤታችን የሞቱብንን ሁሉ እናስባቸው። ስማቸውን በየልባችን እንጥራ።»

ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ። ጸጥታ ሆነ። እዚያ ድንኳን ውስጥ በእነዚያ ክፉ ዓመታት ሰው ያልጎደለበት ቤት የለም። ሳይቀበር የቀረም አለ፤ በጥድፊያ የተቀበረም አለ። አባ መከታን ረሳሁት። የራሴን ሰዎች ጠራሁ። ባሻ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያሉት ስም አልተሰማኝም።

ተቀምጠን ንፍሮው መዞር ሲጀምር ዘሃራ ከውስጥ ወጣች። ከጠዋት ጀምሮ ሴቶቹን ስትረዳ ነበር የዋለችው። ፊቷ ተለዋውጧል። በዓይኗ ጠራችኝና ከቤቱ ጀርባ ወሰደችኝ።

«ታደለ፣ አልሞተም!» አለችኝ።

ማን አልኳት። «ሰውዬህ ነዋ! ባለ ድልድዩ!»

መደቡን ልታስተካክል ስትል በነጠላ የተሸፈነ ነገር አገኘች። ነጠላውን ብታነሣው የእኛው መጽሐፍ። ማንም አያየኝም ብላ፣ ዘይቱንም ረስታ ገለጠችው። ዘሃራ ልጅ ሆና ቁርኣን የቀራች ናት፤ እጇ መጽሐፍ የሚገልጠው ከቀኝ ነው። ከቀኝ ገለጠችው። አባ መከታ ድልድዩ ላይ ወድቋል፣ በረዶ ወርዶበታል። ውይ፣ መጀመሪያውኑ ሞቷል ማለት ነው አለች። ቀጠለች። ጥያቄው መጣ፣ መልሱ ተከተለው። መንደሩ መንደድ ጀመረ። ከዚያ በረዶው ውስጥ አንድ ጣት ተንቀሳቀሰ። ሰውዬው በእጁ ዳኸ፣ ጦሩን ተመርኩዞ ተነሣ፣ እየቆሰለ ተዋጋ። መጨረሻው ገጽ ላይ ተራራው ጫፍ ቆሞ በሁለት ዓይኑ ትክ ብሎ አያት።

«ከቀኝ ነው የሚነበበው! ይሄ መዳፍ የተሣለበት ምን ይላል መሰለህ? ቁም፣ በተሳሳተ በኩል ነው የጀመርከው ነው የሚለው። አላነበብከውም?»

ትኬት ነው ብዬ ነዋ አልኳት። ያየችኝን አስተያየት አልነግራችሁም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ድንኳን ተተክሏል፣ ተለቅሷል፣ ንፍሮ ተበልቷል። አሁን ሟቹ ተነሥቷል። ለሐዘንተኛ ምን ተብሎ ይነገራል? እንኳን ደስ ያለዎት ይባላል? ግን ደግሞ አዛውንቱ በከንቱ ሲነፈርቁ ዝም ብዬ ልይ? ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና በጆሯቸው ነገርኳቸው። ባሻ፣ መጽሐፉ ከቀኝ ነው የሚነበበው። የተገላቢጦሽ ነው ያነበብነው። የሞተው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ኋላ ይነሣል አልኳቸው።

ባሻ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ፣ «ይነሣል?» አሉኝ።

ይነሣል አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አልቃሿ አይታ እንደገና ተነሣች። ሴቶቹ፣ ኧረ ይብቃህ፣ ሰውነትህን ጎዳኸው እያሉ ተረባረቡ። እኔ ግን ከጎናቸው ነበርኩ። ይስቁ ነበር። እንዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። ያለቅሱም ነበር፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ።

ማንም ምንም ሳያውቅ ዋለ። አመሻሹ ላይ እንግዳው ሲበተን እኔ ድስት ለማጠብ ቀረሁ፤ ልማድ ነው። እትዬ የሻረግ አመድ ይዘውልኝ መጡ። ያቺ ነጠላ ከሐሳቤ አልወጣ ብላኝ ነበር። ባሻ ቀኑን ሙሉ ውጭ ናቸው። ታዲያ መጽሐፉን ማን ሸፈነው?

«እኔ ነኛ!» አሉኝ፣ ስጠይቃቸው። «ሰው ገብቶ አይቶ እንዳይስቅበት።»

እጄ ድስቱ ውስጥ ቀረ። ያውቁ ነበር ማለት ነው አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ! ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዕውር መሰልኩህ? ጠዋት እዚያ ሽበታም ሥዕል ላይ እጁን አድርጎ ሲብሰከሰክ አይቼዋለሁ።»

ታዲያ ለምን ጮኹ አልኳቸው። ድስቱን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ማጠብ ጀመሩ።

«ያቺ እንባ የፈንታሁን ናት፣ ታደለ። ስንት ጊዜ ስጠብቃት ኖርኩ። አሁን ስትመጣለት ድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይልቀስ? ሰው ያስፈልገዋል። ሰው ደግሞ ካልጮኽኩ አይመጣም።»

ከዚያ፣ ለማንም እንዳትናገር አሉኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። እናንተ ደግሞ ደባርቅ አይደላችሁም።

ነገሩ በዚህ አለፈ። መሪጌታ ላቀ ፍርዳቸውን አሻሻሉ። አባ መከታ በአንድ ዓይን ጀምሮ በሁለት ዓይን ከጨረሰ ንስሐ ገብቷል ማለት ነው አሉ። ቀንዳሞቹን ግን እስካሁን በይፋ አላወገዟቸውም። ዘሃራ ደግሞ ከቀኝ ቢነበብም ካባው አለመቀደዱን አረጋግጣ ይበልጥ ተናደደች። እኔም ከቀኝ ደግሜ አየሁት። አሁንም ማንም አይበላም።

ችግሩ መጽሐፉ አልተመለሰልኝም። ደንበኛ ይጠይቃል፤ ፉል ብቻውን እንደ ድሮው አልሄድ አለኝ። አንድ ቀን ባሻ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተውታል። ገና አልጨረስኩትም አሉኝ። መቼም አሁን በደንቡ ከቀኝ ነው የሚያነቡት አይደል አልኳቸው።

«እንደ ቀኑ ነው» አሉ። «ሲነሣ ማየት የምፈልግበት ቀን አለ። ያን ቀን ከቀኝ አነባለሁ።»

ሌላውን ቀንስ አልኳቸው። መጽሐፉን ዘግተው ከግራ ገለጡት። እኔም ገባኝና ልሄድ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። ወደ ጓዳው በኩል፣ እትዬ የሻረግ ወዳሉበት ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ታደለ፣ ሃያኛው የመጣ እንደሆነ መጀመሪያ ለእኔ ስጠኝ። እሷ እንዳታየው። እድሩ ሁለተኛ ድንኳን አይሰጠኝም።»